ሙሉውን አትጫንልኝ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፊልም የሚጭን ሱቅ ሞልቷል። ሞባይል ጠጋኙ ይጭናል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይጭናል። ካርድ የሚሸጠው ልጅ ሳይቀር ከጀርባው ላፕቶፕ አስቀምጦ ይጭናል። እኔ የምጽፈው ስለ አንዷ ብቻ ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጠባብ ሱቅ ናት። ስም የላትም። በሯ ላይ «ፊልም፣ ድራማ፣ መዝሙር፣ ዘፈን፣ ትረካ እንጭናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። «ትረካ» የሚለው በኋላ በእስክሪብቶ የተጨመረ ነው። ሰው ሁሉ «ወፍጮ ቤቱ ጋ» ይላታል፤ እኔም እንደዚያው ልበላት።

እኔ የሴቶች ጸጉር ቤት አለኝ። ጸጉር ሠሪ ስለ ፊልም መጫኛ ምን አገባት የሚል ካለ መልሴ አጭር ነው። ጸጉር ቤት ያለ ቴሌቪዥን አይሠራም። ሹሩባ ጊዜ ይበላል። የተቀመጠችው ሴት ስልኳን ካየች ታጎነብሳለች፤ ካጎነበሰች መስመሩ ይጣመምብኛል። ፊት ለፊቷ ጥሩ ድራማ ካለ ግን አንገቷ ቀጥ ይላል፣ ቢያማትም ትንፍሽ አትልም። ድራማው ሲደብር ነው «ኧረ ቀስ በይ፣ ነቀልሽኝ እኮ!» የሚመጣው። ካስክ የሚባለው ማድረቂያ ውስጥ ያለችው ደግሞ አትሰማም። «ምን አላት? ምን አላት?» እያለች ትጮኻለች። ቤቱ በሙሉ በአንድ አፍ ይመልስላታል። ስለዚህ ድራማ ለእኔ የሥራ ዕቃ ነው። የጸጉር መተኮሻ ፔስትራ የምመርጠውን ያህል ተጠንቅቄ ነው የምመርጠው።

«ዲሽ የለሽም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለኝ እንጂ። ጣሪያዬ ላይ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ተቀምጧል። ድሮ ወደ ምዕራብ ነበር የሚያየው። ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ወጥተው ኢትዮሳት ላይ ሲገቡ ዲሹን ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ማዞር ግድ ሆነ። ያን ሰሞን ዲሽ ሠሪ ማግኘት ፈተና ነበር። ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ከታች ላለው «ገባ? አልገባም?» ሲል መዋሉን ሰፈሩ ሁሉ ያስታውሳል። ከዞረ በኋላ የአገር ውስጦቹ ጥርት ብለው መጡ፣ እነ ኤምቢሲ ጠፉ። ሁለቱንም የፈለገ ሁለት ዲሽ ሰቀለ። እኔ አንዱ ይበቃኛል ብዬ ቀረሁ።

የዲሽ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ዋናው ድራማ የሚታየው ማታ ነው፤ እኔ የምሠራው ቀን ነው። በድጋሚ ሲያሳዩት መብራት የለም። መብራት ሲመጣ ማስታወቂያ ላይ ደርሷል። ፍላሽ ግን ሰው ይጠብቃል። አቆመዋለሁ፣ ጸጉር አጥባለሁ፣ ተመልሼ እቀጥላለሁ።

ቴሌግራምም ዩቲዩብም አለ፣ አውቃለሁ። በ2015 ነሐሴ ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ሁለቱም አብረው ቆሙ። ያኔ የቀረችልን ይቺው ሱቅ ናት። የሱቋ ልጅ አዲስ ነገር የሚያገኘው መንገድ ሲከፈት በሰው እጅ ከአዲስ አበባ በሚላክለት ሃርድ ዲስክ ነበር። አዲስ ካልመጣ አሮጌውን አገላብጦ ይሰጠናል። ዳታው ከተመለሰ በኋላም ከሱቋ አልራቅሁም። አንድ ረዥም ድራማ እስከ መጨረሻው ለማውረድ የሚሄደው የዳታ ጥቅል ከልጁ ሒሳብ ይበልጣል።

ልጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ልጫንልሽ?» ብሎ አይደለም። «ቴሌቪዥንሽ ምን ዓይነት ነው?» ይላል። ከሌሎቹ የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው። ከእሱ በፊት የማስጭንበት ሌላ ቦታ ነበረኝ፤ ስሙን ተዉት። ከዚያ ያመጣሁትን ፍላሽ አንድ ቅዳሜ ሰካሁት። ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። ስክሪኑ ላይ ፎርማቱ አይሠራም የሚል ነገር ወጣ። ሚዜዎች ተቀምጠዋል። የግማሾቹ ጸጉር ተሠርቷል፣ የግማሾቹ ተበትኗል። ጥቁር መስኮት ላይ አፍጥጠን አንዲት ሴት ስታለቅስ ሰማን። ለምን እንደምታለቅስ እስካሁን አላውቅም።

ምክንያቱን ያስረዳኝ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው። አዳዲሶቹ ፋይሎች ብዙ ጊዜ ኤች 265 በሚባለው መንገድ ተጨምቀው ይመጣሉ። ቦታ ይቆጥባሉ፤ የእኔ ዓይነቱ የቆየ ቴሌቪዥን ግን አያነባቸውም። ልጁ ወደ ኤች 264 መልሶ ይቀይራቸዋል። ለዚህ ሲባል ኮምፒውተሩ ሲሠራ ያድራል፣ መብራት ካለ ማለቴ ነው። የፍላሹም ጣጣ አለ። አሮጌ ቴሌቪዥን ፋት 32 በተባለው መንገድ የተዘጋጀ ፍላሽ ይፈልጋል። ፋት 32 ደግሞ አንዱ ፋይል 4 ጊጋ ባይት ከደረሰ አይቀበልም። ረዥም ፊልም ከሆነ ለሁለት ይከፍልልኛል፣ ወይም ጥራቱን ዝቅ ያደርገዋል። «የትኛው ይሻልሻል?» ብሎ ይጠይቃል። ለሁለት ክፈለው እላለሁ። ፊት ላይ ያለ ነገር ካልታየ ፊልም ምን ይሆናል?

ፍላሽም ከእሱ ግዙ። ገበያ ላይ 64 የተጻፈበት ርካሽ ፍላሽ አለ። ውስጡ 8 ነው። ሲጫንበት የተቀበለ ይመስላል፤ ቤት ስትደርሱ ግማሹ አይከፈትም። ልጁ ከመሸጡ በፊት እስከ አፉ ሞልቶ ይፈትሸዋል። ፍላሻችሁ የሆነ ቦታ ቫይረስ ይዞ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ከመጣም ያጸዳላችኋል፣ ለዚህ አያስከፍልም። ብቻ ያጉረመርማል። «የት ነው ስትሰኪው የነበረው እትዬ?» ይለኛል፣ ፍላሹ የሆነ ሱስ የያዛት ልጄ ይመስል።

ደብተሩን ሳልጠቅስ አላልፍም። ደንበኛን በስሙ አይመዘግብም። እኔ «ጸጉር ቤት» ነኝ። ከላዬ «የቡሬው ሹፌር» አለ፣ ከታቼ «እማማ መዝሙር» አሉ። ከጎናችን የድራማው ስምና የደረስንበት ክፍል ተጽፏል። እኔ የት እንዳቆምኩ ብረሳ እሱ ያውቃል። ያየሁትን መልሶ ጭኖ አስከፍሎኝ አያውቅም።

ዋጋው እንዲህ ነው። አንድ ክፍል 5 ብር፣ አንድ ፊልም 15፣ ትርጉም ፊልም 20። መዝሙርና ትረካ በፎልደር ነው፣ እንደ ብዛቱ ትነጋገራላችሁ። ሙሉ ድራማ በአንዴ ለሚያስጭን ጥሩ ቅናሽ አለው። ጠባችን የተነሳው ከዚህ ቅናሽ ነው፤ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ፎልደሮቹ። ከላይ የተቀመጠው ቱርክ ነው። ቃና በ2008 ሲከፈት የነበረውን ግርግር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የአገራችን የጥበብ ሰዎች ተቃውመው ነበር። የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ቤታችን ከገባ የእኛን ማን ያያል አሉ። ሥጋታቸው ከመሬት የተነሳ አልነበረም። እኛ ግን «ጥቁር ፍቅር» ላይ ተተክለን ቀረን።

መነሻውን ስሙት። ኤሊፍ የጌጣጌጥ ዲዛይነር ናት። ኦመር ፖሊስ ነው። አይተዋወቁም። የእሷ አባትና የእሱ እጮኛ አንድ መኪና ውስጥ ተገድለው ይገኛሉ። ሁለቱ እዚያ አብረው ምን ይሠሩ ነበር? በቃ፣ ይኸው ነው። ለጸጉር ቤት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አይገኝም። ሴቱ ሁሉ ግምት አለው። «ውሽማው ነበረቻ!» ትላለች አንዷ። «አፈር ብይ፣ ሰው ሞቶ እንዲህ ይባላል?» ትላለች ሌላዋ። ካስክ ውስጥ ያለችው የራሷን ግምት ከሁሉም በላይ ድምፅ ትናገራለች፣ ምን እንደተባለ ሳትሰማ።

የሚገርመው አሁንም ይታያል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ቃና ሲከፈት ሕፃናት ነበሩ፤ ለእነሱ አዲስ ነው። እኔም አብሬያቸው ድጋሚ አየሁት። መጀመሪያው አሁንም ጉሮሮ ይይዛል። መሃሉ ላይ የአልማዝ ፍለጋው ይንዛዛል። አልማዙ ተገኘ ሲባል ይጠፋል፣ ጠፋ ሲባል ይገኛል፣ እኔም ቡና ላፈላ እነሳለሁ። ታያር የሚባለው ሰውዬ ሲመጣ ግን ተመልሼ እቀመጣለሁ። ድምፁን ሳያነሳ የሚያስፈራ ሰው ደስ ይለኛል፣ ስክሪን ላይ ከሆነ። ቱባ ቡዩኩስቱንና ኤንጂን አክዩሬክ ሳይነጋገሩ የሚተያዩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጸጉር ሠሪ እጇን ትታ የምታይበት ሰዓት እሱ ነው። የኤሊፍን ጸጉር አምጪልኝ ያላለኝ ሴት ደግሞ ጥቂት ናት። ልቅቅ ብሎ ጫፉ ጠምዘዝ የሚል ነው። እሠራላቸዋለሁ፤ ዝናብ እስኪነካው ይቆያል። በእኛ ክረምት ያው ታውቁታላችሁ።

ቀጥሎ ትርጉም ፊልም። ይህ ሌላ ፍጥረት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ማይክ። የኮሪያው ንጉሥም እሱ ነው፣ ንግሥቲቱም እሱ ናት፣ አሽከሩም እሱ ነው። ዋናው ድምፅ ከሥር ይሰማል፣ እሱ ከላይ ይጫንበታል። ተዋናዩ ዝም ሲል እንኳ ዝም አይልም፤ «አሁን እያሰበ ነው» ይለናል። ሰይፍ የታጠቀ የድሮ ወታደር በአራዳ ቋንቋ «ሙድ እየያዝክብኝ ነው?» ሲል ልጆቹ መሬት ላይ ይወድቃሉ። እኔም እስቃለሁ፣ አልዋሽም። ለሳቅ ፊልም ይሁን እላለሁ። ለሐዘን ግን ቤቴ አይገባም። እናት ልጇን ስትቀብር አንድ ጎረምሳ በእሷም በአስከሬኑም ምትክ ሲናገር መስማት አልችልም።

አንድ ጉሮሮ ብዙ ሰው መሆን አይችልም ማለቴ ግን አይደለም። እዚያው ሱቅ፣ በእስክሪብቶ በተጨመረው «ትረካ» ፎልደር ውስጥ ወጋየሁ ንጋቱ አለ። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር»። እሱም አንድ ሰው፣ አንድ ማይክ ነበር። ጉዱ ካሳ ሲናገር ጉዱ ካሳ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ማድረቂያውን አጠፋለሁ። ሰብለ ወንጌል ስትመጣ የሚያነበው ወንድ መሆኑ ትዝ የሚለው የለም። ቀልድ አይጨምርም፣ «አሁን እያሰበች ነው» አይለንም። እሷ ስታስብ እኛም አብረን እናስባለን። ፊልም የሚተረጉሙት ልጆች ይህን ፎልደር ሰምተውት ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

ይህን ትረካ የማንኩሳ ሰው ባለበት መክፈት ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። ማንኩሳ ደግሞ ከእኛ ወደ ቡሬ ሲኬድ መንገድ ላይ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያወጡት በ1958 ነው። ከማንኩሳ ለሹሩባ የምትመጣ አንዲት ደንበኛዬ ግን ስለ በዛብህ የምታወራው ባለፈው ሳምንት እንደተበደለ የአጎት ልጅ ነው። ሌላ ሰው አስተያየት ሲሰጥ አትወድም። «እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ የእኛ ልጅ ነው» ትላለች። አንድ ቀን አንዷ «ያ ሁሉ ስለት ባይኖር ኖሮ…» ብላ ጀመረች። ሳትጨርስ ዝም አሰኘቻት። በስለት አይቀለድም።

ከኢትዮጵያ ድራማ ፎልደር ውስጥ እስካሁን ቀድሞ የሚጠፋው «ሰው ለሰው» ነው። አበበ ባልቻ የሠራው አስናቀ። ስንጠላው ስንጠላው ሳናየው ማደር አቃተን። ዛሬ ድራማ ላይ የማየው ክፉ ሁሉ ገና ሲገባ ክፉ መሆኑ ይታወቃል፣ መነጽሩና ሙዚቃው ይነግሩናል። አስናቀ ግን ሻይ ሲጠጣም ያስፈራ ነበር።

ከቅርቦቹ «እረኛዬ»ን እወዳለሁ። አርትስ ቴሌቪዥን ላይ የታየው ማለቴ ነው። ሦስት ሴቶች ናቸው የጻፉት፦ አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ። ይታወቃልም። ሴቶች ወንድ በሌለበት የሚያወሩትን ወሬ ወንድ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ ስለ ወንድ ብቻ የምናወራ ይመስለዋል። እነሱ አግኝተውታል። ያን ድራማ ስከፍት ቤቱ ዝም ይላል፣ ግምት የለ፣ ጩኸት የለ። ለሥራዬ ከዚህ የበለጠ የለም።

ስለ ጸጉር ሳልናገር ብቀር ሙያዬ ይታዘበኛል። የብዙ ድራማዎቻችን ሠሪዎች ሆይ፣ የገጠር ሴት ጸጉር እንዲህ አይደለም። ከማሳ መጣች የምትባለዋ ልጅ ሹሩባዋ የዛሬ ጠዋት ነው። ሥሩ ያበራል፣ ጫፉ ላይ የተቀጠለው ዊግ ከእኔው ዓይነት ቤት የተገዛ ነው። ታሪኩ አንድ ዓመት ሲያልፍ ሹሩባው ያው ነው። ሹሩባ ሲያድር ይላላል፣ ፊት ለፊት ያለው ጸጉር ይበተናል። እኔ ቴሌቪዥን ሳይ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፣ ካየሁት በኋላ ማልቀስ ያቅተኛል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ንግግራችን ነው። ጎጃሜ ድራማ ውስጥ ሲገባ ዘበኛ ነው ወይም ከገጠር የመጣ ዘመድ ነው። አፉን ከመክፈቱ መሳቅ እንዳለብን ይነገረናል። አነጋገሩን ያበዙበታል፤ እኛ እንደዚያ አንናገርም፣ ወይም እንደዚያ የምንናገረው ስንቀልድ ነው። የማንኩሳዋ ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ሲመጣ «ዝጊው» ትላለች። እዘጋዋለሁ።

ፋና ላምሮትም አለው፣ ለዘፈን ውድድር የሚሞቱ ልጆች አሉኝና። ባንዱ በቀጥታ ሲጫወት ደስ ይላል። ፍላሽ ላይ ግን ነፍሱ ይጎድላል። አጭር መልእክት ላኩ፣ ድምፅ ስጡ ሲባል ውድድሩ ካለቀ ቆይቷል። ከልጆቹ አንዷ ይህን እያወቀች ስልኳን ታነሳለች። ከዘፈኑ በኩል የጂጂን ፎልደር «የቻግኒዋ» ብሎ ነው የሰየመው። ከቻግኒ መሆኗን የማያውቅ እንዲያውቅ ነው አለኝ። ጥሩ አደረገ።

አሁን ወደ ጠባችን። ሙሉ ድራማ በአንዴ መጫን ለብዙ ሰው ደግ ነገር ነው። ከገጠር ለገበያ መጥቶ በዚያው የሚመለስ ሰው ክፍል በክፍል ይመላለስ አይባልም። ለእኔ ቤት ግን አይሆንም። ጸጉር ቤት ውስጥ ድራማ የሚኖረው ስንጠብቀው ነው። ቅዳሜ አምስት ክፍል እናያለን። አምስተኛው መጨረሻ ላይ በር ይንኳኳል፣ የሚያንኳኳውን ሳናይ ያልቃል። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ወሬያችን በሩ ነው። ጸጉሯ ገና ያልቆሸሸ ሴት «እስቲ ልታጠብ» ብላ ትመጣለች። ለምን እንደመጣች እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

አንዷ ደንበኛዬ «ጥቁር ፍቅር»ን ከልጁ በቅናሽ ሙሉውን አስጫነች። እንቅልፍ አጥታ ጨርሳ መጣች። እኛ ገና መሃሉ ላይ ነን። ቢጎዲኑ ጸጉሯ ላይ እንዳለ ገዳዩን ተናገረች። ስሙን ብቻ፣ በአንድ ትንፋሽ። ቤቱ ቀዘቀዘ። ካስክ ውስጥ ያለችው ብቻ ናት ያልሰማችው። «ምን አለች?» ብላ ጮኸች። አንድም ሰው አልመለሰላትም።

በዚያው ቀን ወፍጮ ቤቱ ጋ ወረድኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ሙሉውን አትጫንልኝ» አልኩት።

«እትዬ፣ ሙሉው እኮ ይረክስልሻል።»

«ይወደድብኝ።»

ሳቀ። ደብተሩን አወጣና ከ«ጸጉር ቤት» ጎን «በአምስት በአምስት፣ ቅዳሜ ብቻ» ብሎ ጻፈ። ሰነባብቶ ሌላ ድራማ ያዝን፣ እኔም ራሴ አላስችለኝ ብሎ ረቡዕ ቀን ብቅ አልኩ። ፍላሹን ተቀበለኝ፣ ደብተሩን አየ፣ ፍላሹን መለሰልኝ። «ቅዳሜ ነው ያልሽው።» ገንዘብ ይዤ መጥቼ በባዶ እጄ ተመለስኩ። ተናደድኩ፤ ግን ለዚህች ሱቅ ከአምስት አራት ተኩል የምሰጣት ለዚህ ነው። የደንበኛውን ቃል ከደንበኛው በላይ የሚጠብቅ ነጋዴ ብዙ አይገኝም። እኔ ደግሞ መስታወቱ ላይ «ያየ አይናገር» የሚል ለጠፍኩ።

የማንኩሳዋ ግን ወረቀቱን አንብባ ተከራከረችኝ። «የበዛብህን መጨረሻ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁልጊዜ እንሰማዋለን፣ ሁልጊዜ እናለቅሳለን። የቱርኩ ሲሆን ምን ተገኘ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ማድረቂያው እስኪጨርስ አሰብኩበት። የቱርኩ የተሠራው ማን ገደለ በሚል ላይ ነው፤ እሱን ካወጣችሁለት የሚቀረው አልማዝ ፍለጋ ነው። በዛብህና ሰብለ ግን ማን ምን አደረገ አይደሉም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደማይሆንላቸው ሰው ሁሉ ያያል፣ ራሳቸው ብቻ አያዩም። ይህን ስነግራት «እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለች፣ ያልኩትን እሷ ያለችው ይመስል።

ሌላ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ጭነት ለሠሪዎቹ ሳንቲም አያደርስም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለ፤ ፍላሽ ላይ ማባዛት የሱቅ ንግድ ይሁን አይልም። ለልጁ አንስቼበት ነበር። «ዳታ ከፍዬ ነው የማወርደው» አለ። እሱ ለቴሌ ነው የከፈለው እንጂ ለደራሲዋ አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር አድርጓል፤ ሲኒማ ላይ ያለ የአማርኛ ፊልም አይጭንም፣ ቢለምኑትም። እኔም በበኩሌ ዳታ ጥሩ ሲሆን የአገራችንን ድራማ ጣቢያው ራሱ ካወጣበት ዩቲዩብ ነው የምከፍተው፣ ማስታወቂያውን ሳልዘል። ቱርኮቹን ግን እውነቱን ልናገር፣ በፍላሽ ነው።

ግማሽ ነጥብ ያስቀነሰው ወፍጮው ነው። ልጁ ግድግዳ ላይ አሮጌ ቴሌቪዥን ሰቅሏል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ፍላሹን ሰክቶ ያሳያችኋል። ምስሉን ታያላችሁ። ድምፁን ግን ወፍጮው እየጮኸ ማን ይሰማል? ስለዚህ ድምፁ ከአፍ ወደኋላ የቀረ ክፍል ሲያጋጥም የሚታወቀው ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ነው። ሲመልሱለት ይቀይራል፣ አይከራከርም፤ መንገዱ ግን የእናንተ ነው። ጆሮ ማዳመጫ ይግዛ አልኩት። እገዛለሁ እንዳለ አለ። ዱቄቱም አለ። ኪቦርዱ ነጭ ነው፣ ሲገዛ ጥቁር ነበር። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን በዱቄት ታፍኖ ይሞታል ብዬ እሰጋለሁ፤ ሃርድ ዲስኩን ሌላ ቦታ ገልብጦ እንዲያስቀምጥ ደግሜ ነግሬዋለሁ።

የልጆችን ፊልም ለብቻው አለማድረጉም ልክ አይደለም። ካርቱን ስትፈልጉ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሰው የሚታረድበት ፊልም ሥዕሉ አብሮ ይመጣል። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት እንጂ ከስክሪኑ አትምረጡ።

ለመሄድ ያሰባችሁ የገበያ ቀን ከሰዓት አትሂዱ። እህል ሊያስፈጭ የመጣው ሁሉ ወረፋው እስኪደርሰው እሱ ጋ ይገባል፣ መቆሚያ የለም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ወፍጮው ሳይነሳ ብትደርሱ ድምፁንም ሰምታችሁ ትወስዳላችሁ። 32 ጊጋ ፍላሽ ለአንድ ቤት ይበቃል። እሑድ እስከ እኩለ ቀን ዝግ ነው። በቴሌብር ይቀበላል፣ መልስ ግን ዝርዝር የለውም።